ጠላው ይቀዳ፤ የመኪናው ቁልፍ ግን ይቀመጥ



በሰፈራችን ሰርግ ወይም ተዝካር በተደገሰ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ። ምግቡ ተነሥቶ ቡናው ሲፈላ አንዱ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራ ሕግ ያነሣል። «የዚህ አገር ሕግ እጅግ ጠብቋል፤ ትንሽ ሊላላ ይገባዋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህን የሚሉት ወገኖቻችን ክፉ አሳብ ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ምክንያታቸውም ሊሰማ የሚገባው ነው። እኛ ግን ሕጉ ይላላ በሚለው አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ እንናገር። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።)

አባቶቻችን አስቀድመው የሚያነሡት «ጠላ እኮ እህል ነው» የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ በጎንደር ገጠር ከገብስና ከጌሾ የተጠመቀ ጠላ ለእንግዳም፣ ለደቦም፣ ለሰንበትም ይቀርብ ነበር። ጠላ ጠጣህ ተብሎ የተነቀፈ ሰው የለም። ነገር ግን የጠጣው ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው በእግሩ ነበር፤ ያለው ከሆነም በበቅሎ። በቅሎዋ ደግሞ አልጠጣችም፤ መንገዱንም ታውቃለች። እዚህ ግን ከድግስ የምንመለሰው ከናታንያ በመንገድ ቁጥር 4 ወይም ከአፉላ በመንገድ ቁጥር 65 ነው፤ መኪና በራሱ መንገድ አያውቅም። በዚያ ላይ የቤት ጠላ ልኩ አይታወቅም። የቢራ ጠርሙስ የአልኮሉ መጠን ተጽፎበታል፤ ጠላ ግን በአንዱ ቤት የቀጠነ፣ በሌላው ቤት ራስ የሚያዞር ነው። ስለዚህ «ሁለት ጣሳ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው ምን ያህል አልኮል እንደ ጠጣ እሱ ራሱ አያውቅም። ቡናም፣ በቀዝቃዛ ውኃ ፊትን መታጠብም አልኮሉን ከደም አያወጡትም፤ የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ነው።

ሕጉ የሚለው ይህ ነው። የአንድ ተራ ነጂ ወሰኑ በአንድ ሊትር ትንፋሽ 240 ማይክሮግራም አልኮል ነው። ዕድሜው ከ24 ዓመት በታች ለሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና 2 ዓመት ላልሞላው፣ እንዲሁም ለአውቶቡስ፣ ለታክሲና ለከባድ መኪና ነጂ ግን ወሰኑ 50 ብቻ ነው። ይህ ማለት በተግባር ምንም አትጠጣ ማለት ነው። ፖሊስ ትንፋሽ የሚለካበትን መሣሪያ ሰዎች በዕብራይስጥ «ያንሹፍ» ይሉታል፤ ጉጉት ማለት ነው፤ ሌሊት የሚሠራ ስለሆነ ስሙ ተስማምቶታል። አንዳንድ ወጣቶች «240 የሚባለው ውሸት ነው፤ እስከ 290 ምንም የለም» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስለ መሣሪያው ትክክለኛነት በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ፖሊስ ለዓመታት ተራውን ነጂ ይከስ የነበረው ከ290 ጀምሮ ነው። ልዩነቱ ለመሣሪያው ስሕተት የተተወ እንጂ ለጠጪው የተሰጠ ፈቃድ አልነበረም።

ጥፋተኛ የተባለ ሰው በመሠረቱ ከ2 ዓመት ላላነሰ ጊዜ መንጃ ፈቃዱን ያጣል። መኪናው ለ30 ቀን ሊታገድ ይችላል። አልነፋም ብሎ እምቢ ያለም እንደ ሰከረ ይቆጠራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ከልጆቻችን ስንቶቹ በአውቶቡስና በጭነት መኪና እንደሚተዳደሩ አስቡት። ለእንዲህ ያለው ልጅ 2 ዓመት ያለ መንጃ ፈቃድ መቀመጥ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ማጣት ነው። «ለዚህ ነው ይላላ የምንለው» የሚሉን አሉ። እኛ ግን የጭነት መኪና የያዘ ልጃችን ያቆሰለው ሰው ወደ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ቢወሰድ፣ ያ ሰው የማን ልጅ እንደሚሆን እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ከበደው ምክንያት እንምጣ። «ሕጉ የተጻፈው ለሁሉ ነው፤ የሚቆመው ግን የእኛ ልጅ ነው» ይባላል። ይህን ቃል ማንም ሊያቃልለው አይችልም። በ2015 ዳማስ ፓካዳ በፖሊስ ከተደበደበ በኋላ፣ በ2019 ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ ሰው አደባባይ የወጣው በከንቱ አይደለም። በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ዘገባም ፖሊስ በማኅበረሰባችን ላይ ከልክ በላይ እንደሚበረታ አምኗል። ያንሹፍ የሚለካው ትንፋሽን ነው፤ ማን ይቁም ብሎ የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ስለዚህ በምርጫው ላይ እንከራከር። ያለ አግባብ የተያዘ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፖሊሱን መለያ ቁጥር ጽፎ ይያዝ። አቤቱታውን በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ላለው ማሓሽ ወይም ዘረኝነትን ለመዋጋት ለተቋቋመው ክፍል ያቅርብ። የትንፋሹ ወሰን ከፍ ቢል ግን ልጃችንን ማስቆም አይተውም፤ ሰክሮ የሚነዳው ሰው ብቻ ይበዛል።

ሌላው ምክንያት መጓጓዣ ነው፤ በዚህ ረገድ እውነቱ ከእነሱ ጋር ነው። የሰርግ አዳራሹ ሩቅ ነው፤ ሌሊት አውቶቡስ አይገኝም፤ ታክሲ ለሰባት ሰው ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በጥር 2013 በአየርላንድ የኬሪ አውራጃ ምክር ቤት፣ በገጠር ለብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት ብርጭቆ ጠጥተው እንዲነዱ ይፈቀድ ብሎ 5 ለ 3 ወሰነ። አሳቡን ያቀረበው ሰው ራሱ ባለ መጠጥ ቤት ነበር! የሽማግሌዎቹ ብቸኝነት ግን እውነት ነበር። መንግሥት ውሳኔውን አልተቀበለውም። በ2018 እንዲያውም ቅጣቱን አጠበቀ፤ በዚያው ዓመት በአንዳንድ ገጠሮች የማታ አውቶቡስ ለሙከራ አስጀመረ። እኛንም የሚጠቅመን አውቶቡሱ ነው።

ስለ ሲጋራው ብዙ አንልም። ሲጋራ በእኛ ባህል ነውር ነበር፤ በኢትዮጵያም ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በከባድ ቅጣት ከልክለው ነበር። በቅርቡ የመጣችሁትም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በዚህ አገር አቆጣጠር 2019) በኢትዮጵያ በሕዝብ ቤቶች ውስጥ ማጨስ እንደ ተከለከለ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር ሕጉ በ1983 ወጣ፤ በ2007 የቤቱን ባለቤትም ተጠያቂ አደረገ፤ በ2018 የልጆች መጫወቻ ሜዳንም ጨመረ። ቅጣቱ 1,000 ሼቄል ነው። ሕጉን አላልቶ የሞከረው አገር ኦስትሪያ ነው፤ በ2018 ለምግብ ቤቶች የታሰበውን ክልከላ መንግሥት ሰረዘው፤ ወደ 900,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈርሞ ተቃወመ፤ ክልከላውም በኅዳር 2019 ጸና። እዚህ በነቬ ሐይም በመጫወቻው ወንበር ላይ ናርጊላ ይዘው የሚቀመጡ ልጆቻችንን ስናይ፣ የሚያስፈልገን የላላ ሕግ መሆኑ አይታየንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስበናል። አንደኛው በየቤታችን ሊደረግ የሚችል ነው፦ ደጋሹ ጠላ ከመቅዳቱ በፊት ከየመኪናው አንድ ሹፌር ይጠየቅ፤ ለእሱ ብርዝ ወይም ውኃ ይቅረብለት፤ «ትንሽ ቅመስ፣ በሞቴ» አይባል። ቅራሪም ቢሆን ለአዲስ ነጂ አይሆንም። ቁልፉን የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ቢመረጡ ደግሞ ማንም «እምቢ» ብሎ አይከራከራቸውም።

ሁለተኛው ለሐደራ ማዘጋጃ ቤት የምንጽፈው ደብዳቤ ነው። የሌሊት አውቶቡስ እንዲሰጠን ስንጠይቅ «በየትኛው ሰዓት? ከየት?» ብለው እንደሚመልሱልን እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ ወር ሰርግ የሄዳችሁ ሁሉ አዳራሹ የት እንደነበረ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣችሁና ስንት ሰው እንደነበራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡን። በአማርኛ ብትጽፉት ወደ ዕብራይስጥ እኛ እናዞረዋለን።