ስለ ብሎኬት ቤትና ስለ ሌሊት ብርድ

ቤት መሥራት ለቤተ ሰብ አባት ሁሉ ታላቅ ሐሳብ ነው። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዘመን ቈይተን፥ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አባታችን ያቈዩልንን የጭቃ ቤት አፍርሰን በብሎኬት አሠራን። ጭቃ የድኻ፥ ብሎኬት ግን የሥልጣኔ ነው ብለን አስበን ነበርና።

ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፥ ሌሊቱ ቍር ነው። እናታችንም በገባን በሳምንቱ፥ «ልጄ፤ ቤትህስ ያምራል፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል» አሉን። እኛም ነገሩን የእርጅና ነው ብለን ናቅነው።

አንድ ሌሊት ብርዱ ቢጸናባቸው፥ በማንደጃ ከሰል አቀጣጥለው፥ በርና መስኮት ዘግተው ከታናሹ ልጃችን ጋራ ተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ አይታይም፤ አይሸትምም። ልጁ ሲያቃስት ሰምተን በሩን ብንከፍት፥ ሁለቱም ራሳቸውን ሊስቱ ጥቂት ቀርቷቸው አገኘናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ፈጥነን ወደ ውጭ ስላወጣናቸውና ሐኪም ስለ ረዳቸው ዳኑ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠርተን ብንጠይቅ፥ ጥፋቱ የብሎኬቱ ብቻ እንዳይደለ አስረዱን። በብሎኬት ቀዳዳ ውስጥ የተዘጋው አየር ሙቀትን ጥቂት ያዘገያል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ኮንክሪት ግን ያሳልፈዋል። ከዚህም ይልቅ ብዙ ሙቀት የሚሸሸው በጣራ ነው። አባታችን ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዲ ወጥረው ነበር፤ እኛ ግን ገንዘብ ስላነሰን ኮርኒሱን ትተነዋል። መስኮቶቻችንንም ሁሉ ወደ ሰሜን አድርገናል፤ በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ደቡብን የሚያይ መስኮት ሙቀቷን ያስገባል፤ ግድግዳውና ወለሉም ቀን የተቀበሉትን ማታ ይመልሳሉ።

ደግሞም ብሎኬት ርዝመቱ 40፥ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነውና፥ የክፍሉ ርዝመትና የመስኮቱ ስፋት አስቀድሞ በሙሉና በግማሽ ብሎኬት ሊቈጠር ይገባል። እኛ ሳንቈጥር በመጀመራችን ብዙው በመዶሻ ተሰበረ፤ በደንብ ያልተሞላውም ክፍተት የነፋስ መግቢያ ሆነ። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ከ1400 ዲግሪ በሚበልጥ እሳት ተቃጥሎ የሚገኝ ስለሆነ፥ አለልክ የተሰበረ ብሎኬት ሁሉ በከንቱ የነደደ እሳት ነው።

በኋላም ኮርኒስ አስገባን፤ ክፍተቱን አስለሰንን፤ በደቡብ በኩል ሁለት መስኮት ከፈትን። ዛሬ እናታችን ያለ ከሰል ይተኛሉ።

እንግዲህ ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ በፍርድ ቤት ከፍርድ አስቀድሞ ምስክር እንደሚሰማ፥ በቤት ሥራም መሠረት ሳይጣል ፀሐይና ነፋስ፥ ልክና ቍጥር ይጠየቁ። በቤቱም ውስጥ የሚያድሩት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሲናገሩ አይናቁ።