ልጄን ሸክም አታሸክሙብኝ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ግራና ቀኝ የምትኖሩ የየካ ሰዎች ሁሉ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሁለት ዓይነት ሴቶች ሽቅብ ሲወጡ ለዓመታት አይታችኋል። አንደኞቹ ቱታ ለብሰው፣ ትንፋሻቸው በብርዱ እየጨሰ የሚሮጡት ልጃገረዶች ናቸው። ሁለተኞቹ ገመዳቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አሸንፍጠው በዝግታ የሚወጡት እናቶች ናቸው። ሲመለሱ ልጃገረዶቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ይወርዳሉ፤ እናቶቹ ግን ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ ይወርዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ሯጯ ልጅ ስትሆን ተሸካሚዋ እናቷ ነች። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እንደዚህ ያሉ እናትና ልጅ ነው።

እኔ በኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመርቄ፣ ከመምህርነቴ ጎን ለጎን የልጃገረዶች የሩጫ ቡድን ሳሠለጥን አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ስላሸነፍንባቸው ውድድሮች ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። ሆኖም የምነግራችሁ በገዛ እጄ ስላጎዳኋት አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር ነው። የውጭ አገር ሯጮች ብረት ተሸክመው ቁጭ ብድግ ሲሉ በተንቀሳቃሽ ስልኬ ተመልክቼ፣ «የእኛ ልጆች ከማን ያንሳሉ?» ብዬ ተነሣሁ። ጂምናዚየም የለንም፣ ገንዘቡም የለም። ስለዚህ ብዙ ሰፈር ውስጥ እንደሚደረገው ከአንድ ብየዳ ሠራተኛ ዘንድ የውኃ ቧንቧ ገዝቼ፣ ጫፍና ጫፉን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አቁሜ ሲሚንቶ ሞላሁበት። ሲደርቅ እጅግ ኮራሁ።

በዚያን ዕለት ጠዋት ልጆቹ እንጦጦ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ዳገትና ቁልቁለት ሮጠው ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያልፍ ቦታ የሮጠ ሰው ቶሎ እንደማያገግም አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁም። ይሁንና ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ሰብስቤ ብረቱን በተራ አሸከምኳቸው። አሥራ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ አራት ዙር። ልጅቱ በሦስተኛው ዙር ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይጋጩ ጀመር፤ ወገቧም እንደ ቀስት ጎበጠ። አየሁ። አይቼም «በርቺ! ጨርሺ!» ብዬ ጮኽኩ። ጨረሰች። ታዛዥ ልጅ ነበረች።

ከሦስት ቀን በኋላ ወገቧን እንዳመማት ነገረችኝ። «ጡንቻ ነው፣ ይለቅሻል» አልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከነሕመሟ ሮጠች። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ሲያቅታት ነው ወደ ሐኪም የወሰድኳት።

ሐኪሟ ፎቶግራፉን ካየች በኋላ በታችኛው የወገብ አጥንት ላይ ስንጥቅ እንዳለ ገለጸችልን። ይህ በሚያድጉ ስፖርተኛ ልጆች ላይ፣ አጥንቱ በተደጋጋሚ ጫና ሲደርስበት የሚከሠት ጉዳት ነው። ቀጥላም ልጅቱን «የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ከመመለሷ በፊት እኔን አየችኝ። ከዚያም ወለሉን እያየች «አምስት ወር ሆነው» አለች።

እህቶቼ፣ እኔ ሴት ነኝ። ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የሩጫ ሰዓቷን በሰከንድ፣ ክብደቷን በኪሎ እመዘግባለሁ፤ ይኸኛውን ግን ነውር ይመስል እተወው ነበር። ሐኪሟ ስለ ምግቧ ጠየቀቻት። ማታ ማታ እራት እንደምትተው ተናገረች፤ ቀላል የሆነች ሯጭ ፈጣን ናት ተብላ ነው። እንዲህ ያላት ሰው ማን እንደሆነ ልሸሽጋችሁ አልችልም። እኔ ነበርኩ።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ይህን ችግር በግልጽ አስቀምጦታል። ይኸውም ስፖርተኛው ለልምምዱ ከሚያወጣው ኃይል አንጻር የሚበላው ሲያንስ፣ ሰውነቱ ቁጠባ ይጀምራል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንት መጠገኑን ያዘገያል፤ በሽታን የመከላከል ኃይልም ይደክማል። ስለዚህ የእኔ ሲሚንቶ ያረፈው ለወራት ሲራብ በቆየ አጥንት ላይ ነበር ማለት ነው።

ልጅቱ ለወራት ከሩጫ ታገደች። በሳምንቱ እናቷ ወደ ግቢዬ መጡ። አሥራ ስድስት ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቡና ላፍላ ብላቸው አልተቀመጡም።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ። «ግን እኔ የተሸከምኩት እርሷ እንዳትሸከም ነው። ሩጪ ያልኳት በእግሯ እንድታመልጥ ነው። እርስዎ ደግሞ ሲሚንቶ ጫኑባት። ልጄን ሸክም አታሸክሙብኝ!»

መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይተው «የቱ ነው? እስቲ ያሳዩኝ» አሉ። ብረቱን አሳየኋቸው። ወዲያው ጎንበስ ብለው አላነሡትም። በእግራቸው እያንከባለሉ ወደ በረንዳው ደረጃ ወሰዱት፤ አንዱን ጫፍ ደረጃው ላይ ካሳረፉ በኋላ መሐሉን ይዘው ከፍ አደረጉት። ብረቱ ወዲያው ወደ ቀኝ ዘመመ።

«ይሄ እኮ ያዘመመ ነው» አሉ። «ሸክም ሲያዘም ወገብ ነው የሚበላው። ይህን የማያውቅ ሰው ነው የጫነባት?»

በማግሥቱ ብረቱን መሐል ለመሐል አስቆርጬ ሁለቱን ግማሾች ሾላ ገበያ ወሰድኳቸው። ሽንኩርት ነጋዴው በሚዛኑ ላይ ሳስቀምጣቸው «ሲሚንቶም ትሸጫለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አንዱ 13 ኪሎ፣ ሌላው 16 ኪሎ ተኩል ሆነ። ልጅቱ 44 ኪሎ ነበረች።

ለይቅርታ ወደ ቤታቸው በሄድኩ ጊዜ ከእርስዎታ ወደ አንቺ ወረዱልኝ፤ በዚያ ታረቅን። ቡናውም ተፈላ። እኔም የእንጨት ሸክምን ሥርዓት ጠየቅኳቸው። ያን ቀን የሰማሁትን ከአንድም የማሠልጠኛ መጽሐፍ እንዲያ ተብራርቶ አላገኘሁትም።

«ሙሉ ሸክም ከሜዳ ላይ አይነሣም» አሉኝ። እስሩን ከፍ ባለ ካብ ወይም እርከን ላይ ያሰናዱታል፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ገመዱን ያስሩና፣ እግራቸውን ከሥራቸው አስተካክለው፣ ከኋላ ሰው እየደገፋቸው በጭናቸው ኃይል ይነሣሉ። የሚደግፍ ሰው ከሌለ ሸክሙን አይሞሉም። «አዲስ የመጣች ልጅ መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ነው የምትይዝ፤ እንጨት የምትይዝ መንገዱን እግሯ ሲያውቀው ነው» ሲሉኝ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ኪሎ ማሸከሜን አስቤ ፊቴ ጋለ።

ይህን ስላልኩ ሸክሙን ያመሰገንኩ እንዳይመስላችሁ። እኒያ እናት ዛሬ ጠዋት ከመኝታቸው ሲነሡ ግድግዳ ሳይዙ ቀጥ ማለት አይችሉም። ከጓደኞቻቸው መካከል እርጉዝ ሆነው እስከ መውለጃቸው የተሸከሙ ነበሩ። ልምምድ ሰውነት ሲደክም ይቆማል፤ እንጨት ግን ገበያ ሳይደርስ ከጀርባ አይወርድም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያን ዕለት «ጨርሺ!» ብዬ ስጮኽ ልምምዱን ወደ እንጨት ለውጬዋለሁ።

ምናልባት «እንግዲያው ሯጭ ሴት ጡንቻ ማጠንከር ለምን ያስፈልጋታል? ሩጫው አይበቃትም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይበቃትም። በሚገባ የተመረጠ የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ሯጭ በዚያው ፍጥነት ስትሄድ የምታባክነውን ኃይል እንደሚቀንስላት በብዙ ጥናት ታይቷል። ቁልቁለት ስትወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነቷን ክብደት እጥፍና ከዚያም በላይ የሚቀበሉት ባቷ፣ ጭኗና ዳሌዋ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን በሚሠራ ልምምድ ደግሞ ረጅም ርቀት የምትሮጥ ልጅ እንደ ትግል ስፖርተኛ አትደነድንም፤ ወላጆችም ልጆችም የሚፈሩት ይህን ነው፤ አይፍሩት። ክብደት ማንሳት የልጅን ቁመት ያስቀራል የሚባለውም በማስረጃ አልተደገፈም። ልጆችን የሚጎዳው የተመልካች አለመኖር፣ የአነሣሥ ስሕተትና የአሠልጣኝ ጥድፊያ ነው።

ለመሆኑ አሁን ምን እናደርጋለን? ብረት ለጊዜው የለም። ቁጭ ብድጉን በርጩማ ላይ እንሠራለን፤ ልጅቱ በዝግታ ትቀመጣለች፣ በዝግታ ትነሣለች፤ ጉልበቷ ከእግር ጣቶቿ አቅጣጫ እንዳይወጣ አያለሁ። ይህን ሳትዛነፍ ስትሠራ ጥቂት ኪሎ አሸዋ በከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ ትይዛለች። በደረት መሆኑ ምክንያት አለው፦ ካቃታት ወደ ፊት ትለቀዋለች፤ በማጅራት ላይ ያለ ብረት ግን መውጫ አይሰጥም። ከዚያ በአንድ እግር ደረጃ መውጣትና መውረድ አለ። በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ በክርን ተደግፎ እንደ ሳንቃ ቀጥ ማለትም አለ።

ለባት ደግሞ በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደ ታች ማውረድ ነው። ይህን የተረከዝ ጅማት ሕመምን ለማከም ያስታወቁት ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሕመምተኞቹ ለ12 ሳምንታት ሠርተውት ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። የሚያስፈልገው ደረጃ ብቻ ነው፤ የእኛ ሰፈር ደግሞ በደረጃ አይታማም።

የጭን የኋላ ጡንቻን ለማጠንከር ልጅቱ ለስላሳ ነገር ላይ ተንበርክካ፣ ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷን አጥብቃ ይዛላት፣ ሰውነቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት በዝግታ ትወድቃለች። ከባድ ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ዝላይ የምንሠራው ሣር ላይ ነው፤ እርሱም ጥቂት ጊዜ ብቻ።

መጠኑን በተመለከተ ልጅቱ ሁለት ጊዜ ለመድገም አቅም እየቀራት አስቆማታለሁ። ዙር ከጨመርኩ ክብደት አልጨምርም፤ ክብደት ከጨመርኩ ዙር አልጨምርም። ረጅም ሩጫ በዋለበት ቀንም ሆነ በዋዜማው ይህ ልምምድ የለም። በማግሥቱ ጡንቻ ሁሉ ቢዝል ደግ ነው፤ በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብላ የምታሳየኝ የአጥንት ሕመም ከሆነ ግን ያን ዕለት አትሮጥም፣ ወደ ሐኪም ትሄዳለች። ደብተሬ ላይም አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ። ልጆቹ የወር አበባቸውን ቀን ራሳቸው በነጥብ ምልክት ያደርጋሉ፤ ሦስት ወር ባዶ የሆነባትን ለብቻዋ ጠርቼ አነጋግራታለሁ። መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ አሁን ግን ነጥቡን ስረሳ እነርሱ ያስታውሱኛል። ምዝን የሚባለውን ነገር ደግሞ ትቼዋለሁ። ከልምምድ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን በላሽ ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ ስንት ኪሎ ሆንሽ አልልም።

ልጅቱ በአልጋ ላይ ሳለች ተስፋ እንዳትቆርጥ ስለ ትዕግሥት አሰፋ እነግራት ነበር። ትዕግሥት በ2008 ዓ.ም. ለሪዮ ኦሊምፒክ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነበር፤ የተረከዝ ጅማት ሕመምም አስቸግሯታል። ሩጫዋን ወደ ጎዳና አዛውራ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት፣ የያን ጊዜውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። እናቲቱ ግን ይህን ሲሰሙ «እኔ የማውቀው ደራርቱን ነው» ይሉኛል። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ በጎረቤት ሬዲዮ ሰምተዋል። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ።

ልጅቱ በሰባተኛው ወር ቀስ ብላ መሮጥ ጀመረች። የመጀመሪያ ውድድሯን አሥራ አንደኛ ወጣች፤ ባለፈው ዓመት አራተኛ ሆናለች። ከዚህ በላይ ትሂድ አትሂድ አላውቅም፤ የጠፋባትን አንድ ዓመት ግን መልሼ ልሰጣት አልችልም። ይህንኑ ነግሬያታለሁ። «አውቃለሁ» ነው ያለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። የልጅቱን ቁርጭምጭሚት የሚይዙላት እርሳቸው ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ በእጃቸው ይተማመናሉ። ሦስት ይቆጥሩና አራተኛውን ስጠይቅ «ይብቃት» ይሉኛል። አልከራከራቸውም። ከሲሚንቶው ግማሾች አንዱን ጥዬዋለሁ። ሌላው የግቢዬ በር ነፋስ እንዳይዘጋው መደገፊያ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከባዱ ነው።