ስጦታው አልቆመም፤ ምርመራው ግን ቆሟል

የመንፈስ ቅዱስ ተአምራዊ ስጦታዎች ከሐዋርያት ጋር አብቅተዋል የሚለው ትምህርት ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። የነገረ መለኮት ምሁሩ ቤንጃሚን ዋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተአምራት የተሰጡት የሐዋርያትን መልእክት ለማጽናት ስለሆነ ከእነሱ ጋር አብቅተዋል ብሎ በጥንቃቄ ተከራክሯል። ከእሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ዮሐንስ አፈወርቅም የቆሮንቶስን መልእክት ሲያብራራ፣ ስለ ስጦታዎች የተጻፈው የሚከብደን ነገሩ በዘመናችን ስለማይታይ ነው ብሏል። አፈወርቅን የሚያህል አባት ሲመሰክር መስማት ይገባል። ነገር ግን የተናገረው ስላላየው ነገር ነው፤ ሰጪው መስጠቱን ትቷል ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያስፈልጋል። በዚያው ዘመን የነበረው አውግስጢኖስ ደግሞ መጀመሪያ እንደ አፈወርቅ ጽፎ፣ በኋላ “የእግዚአብሔር ከተማ” በተሰኘው ሥራው በሂፖ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 70 የሚጠጉ የፈውስ ምስክርነቶች በጽሑፍ እንደቀረቡ ይናገራል። ፈውሶቹ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ዐፅም ጋር የተያያዙ ናቸውና ብዙ ፕሮቴስታንቶች ይህን ማስረጃ ለመጥቀስ ያመነታሉ። እኔ ግን የሚመቸንን ብቻ መርጠን መጥቀስ ያለብን አይመስለኝም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ዛሬም ትንቢት ካለ መጽሐፍ ቅዱስ አልተዘጋም ማለት አይሆንም ወይ? መልሱ በሐዋርያት ሥራ 21፥9 ይገኛል። የወንጌላዊው የፊልጶስ አራት ሴቶች ልጆች ትንቢት ይናገሩ ነበር፤ ከተናገሩት ግን አንድ ቃል እንኳ በመጽሐፍ አልሰፈረም። በቆሮንቶስም ጳውሎስ ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲመዝኑ አዟል። በጉባኤ የሚመዘን ቃል ከመጀመሪያውም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር እኩል ሥልጣን አልነበረውም፤ ስለዚህ ዛሬ ቢነገርም በመጽሐፉ ላይ የሚጨምረው የለም።

ስለ ሐሰተኛ ነቢያትና ፈዋሾች የሚነሳው ወቀሳ ግን እውነት ነው፤ ልብም ይሰብራል። በፈውስ ስም ዘይትና ውሃ ይሸጣል፤ በሽተኛው መድኃኒቱን እንዲጥል ይነገረዋል፤ ያልተፈጸመው ትንቢት ማንም ሳይጠይቅበት ይረሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ስጦታው አለ ተብሎ ስለታመነ ሳይሆን ከስጦታው ጋር የታዘዘው ምርመራ ስለተጣለ ነው። የተሰሎንቄ መልእክት ትንቢትን እንዳንንቅ ሲያዝ፣ ሁሉን እንድንፈትንም በዚያው ያዛል። ከጥንታዊዎቹ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አንዱ የሆነው ዲዳኬም በመንፈስ ተናገርሁ ብሎ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቀውን አትስሙት ይላል። ስጦታው ይቀጥላል የምንል ሁሉ እንግዲህ ቀዳሚዎቹ መርማሪዎች መሆን አለብን፦ ተፈወስሁ ያለው የሐኪም ማስረጃውን ያምጣ፣ የተነገረው ትንቢት ከነቀኑ ይመዝገብ፣ ሽማግሌዎችም ነቢዩን በጉባኤ ፊት ይጠይቁት።