የጠገራው ብር አገር

አያታችን ትተውልን ካለፉት ዕቃ ሁሉ አብልጠን የምንወደው አንድ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነው። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ሐሰተኛ ብር አያታልላቸውም ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች በጣታቸው ቈጥረው፥ ብሩንም በድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን አድምጠው፥ ከዚያ በኋላ ብቻ በመቀነታቸው ይቋጥሩት ነበር። «ዓይንና ጆሮ ያለው ሰው አይታለልም» ማለታቸው ዛሬም ትዝ ይለናል።

ተማሪ የሆነው የወንድማችን ልጅ ይህ ገንዘብ «ታለር» የተባለው ስለ ምን እንደ ሆነ በጠየቀን ጊዜ ግን መልስ አጣን። መጻሕፍት አገላብጠን እንደ ተረዳነው፥ ስሙ የተገኘው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ካለችው ከያኺሞቭ ከተማ ነው። ከተማይቱ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ትባላለች፤ «ታል» ማለት ሸለቆ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1520 ዓ.ም. ገደማ ከተራራዋ በተቈፈረው ብር የተሠራው ገንዘብ «ዮአኪምስታለር» ተባለ፤ ስሙም አጥሮ «ታለር» ሆነና ከብዙ ዘመን በኋላ እስከ እኛ ገበያ ደረሰ።

ነገር ግን ያ ተራራ የሰጠው ብር ብቻ አልነበረም። በዚያችና ከወሰኑ ማዶ ባለችው በጀርመኗ ሽኔበርግ ማዕድን ቈፋሪዎች ሳንባቸውን እየታመሙ ያለ ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። በ1879 ሄርቲንግና ሄሴ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በሽታው በሳንባ ውስጥ የሚያድግ ክፉ ዕጢ መሆኑን ገለጡ፤ ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም። በ1898 ማሪና ፒየር ኩሪ ከዚያው ከያኺሞቭ በመጣ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ራዲየምን አገኙ። ከራዲየምም ራዶን የሚባል ጋዝ እንደሚወለድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ።

ራዶን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ከአፈርና ከዓለት ይወጣል፤ በሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት ከገባ ግን ይጠራቀማል። ከእርሱ የሚወለዱት ደቂቅ ብናኞች ከትንፋሽ ጋር ገብተው በሳንባ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጨረራቸውም ውሎ አድሮ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የሚያሳዝነውም ጕዳቱ በቈፋሪው ብቻ አለመቅረቱ ነው። በያኺሞቭ ከማዕድኑ የተረፈው ቍሻሻ ለቤት መሥሪያ በምርጊት ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር፥ ጕድጓድ ወርዶ የማያውቅ ሰው በገዛ አልጋው ላይ ተኝቶ ይተነፍሰው ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው!

ይህን ስናነብ አንድ የቈየ በደላችን ትዝ አለን። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስናገለግል፥ ከድንጋይ መፍለጫ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች «አቧራው ልጆቻችንን አሳላቸው» ሲሉ ያቀረቡት ማመልከቻ ከጠረጴዛችን ደርሶ ነበር። እኛም ከስፍራው ሄደን ሳናይ፥ «ጕዳቱ በግልጽ ስላልታየ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ» ብለን ጻፍንበት። ለሚታየው አቧራ እንዲህ ያልን ሰዎች፥ ለማይታየው ምን ልንል ኖሯል?

ለራዶን መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በመሣሪያ ይለካል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 በቤት ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤከሬል እንዳያልፍ መክሯል። ስንጥቁን መድፈን፥ መስኮት መክፈት፥ ከወለሉ በታች ያለውን አየር በቧንቧ ወደ ውጭ ማውጣት መጠኑን ይቀንሰዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አስቀድሞ ልለካ የሚል ሰው ሲገኝ ነው።

ጠገራውን ብር ዛሬ በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ አኑረነዋል። አያታችን ስለ ገንዘብ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ስለ አየር ግን ዓይንና ጆሮ አይበቁም። ማመልከቻ በቀረበልን ቍጥር ብሩን እናየዋለን፤ «አልታየም» ብለን ከመጻፋችን በፊትም፥ ለማየት ሄደን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቃለን።