የቸኮለ ምስክርነት

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የእሁድ አምልኮ ላይ የአሥር ወር ልጄን አቅፌ ወደ መድረክ ወጣሁ። ካልሲውን አውልቄ ቀኝ እግሩን ለጉባኤው አሳየሁና «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶታል፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንን የብረት ጫማ አናደርግለትም!» አልኩ። እልልታው ቤቱን ሞላው። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩትም ከልቤ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን የዚያ ምስክርነት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የእኔ ችኮላ እንደ ነበረ ለመናገር ነው።

ልጃችን ሲወለድ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ ተረከዙ ወደ ላይ ተስቦ፣ የውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግር ይመለከት ነበር። ቆልማማ እግር ይባላል። በዓለም ላይ ከሚወለዱ ሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ፣ ከሴቶችም ይልቅ በወንዶች ላይ እንደሚበዛ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ማፈርን ብቻ ነበር። ሐርቡ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን ምን እንደ ወለደ ሳይመሽ ይሰማል። እኛ ወንጌል አማኞች ደግሞ በአካባቢው ቁጥራችን ጥቂት ነው። «ሃይማኖቱን ስለ ለወጠ ነው» እንዳይሉኝ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔው ራሴ ነኝ በሌሊት ለራሴ የምለው። ባለቤቴ ያንን ሁሉ ሙቀት ችላ ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ትወጣ ነበር። አራት ወር እንዲህ ደበቅነው።

በእነዚያ አራት ወራት ጸልየናል፤ ጾመናልም። እናቴ ወጌሻ ትወስደው ዘንድ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። በዚህ አልጸጸትም። ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ ወለምታ አሽተው የመለሱልኝ እነሱ ናቸው። ነገር ግን የልጅ እጅ ሲሰበር አጥብቀው ያሰሩት መቃ ደም አላሳልፍ ብሎ፣ በቀላል ስብራት ምክንያት እጁን ያጣ ሕፃን በአገራችን ጥቂት አይደለም። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ልጁም ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጋቢውን የገለጡት ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም እናት ናቸው። ቡና ሊጠጡ መጥተው ልጁን ሲያቅፉት እግሩን አዩት። ባለቤቴ ደነገጠች። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው «እንዲህማ የልጄም ልጅ ነበረ፤ ዛሬ ኳስ ሲያሳድድ አይውልም? ደሴ ውሰዱት ልጄ። አላህ ያሽረዋል፤ እናንተ ግን ውሰዱት» አሏት። ለአራት ወር በጓዳ የጸለይኩት ጸሎት መልሱ በእሳቸው አፍ መጣ። ይህን በመድረክ ላይ አልተናገርኩም ነበር።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ደረስን፤ ከዚያም የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ ገባን። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ይመስለኝ ነበር። ባለሙያዋ ግን እግሩን በለስላሳ እጅ ጥቂት ወደ ውጭ ገፋ አድርጋ ይዛ ከጣቱ እስከ ታፋው ጄሶ አደረገችበት። «በሳምንት ተመለሱ» አለችን። በሳምንቱ ጄሶው ተነሣ፤ እግሩ ጥቂት ዞሮ ነበር። ደግሞ ጥቂት ገፋችውና ሌላ ጄሶ። እንዲህ እያለ ስድስት ጄሶ። በመጨረሻም ከተረከዙ በላይ ያለውን የጠበቀ ጅማት በማደንዘዣ በትንሹ ቆረጡለትና ለሦስት ሳምንት የመጨረሻው ጄሶ ታሰረ። ጅማቱ በእነዚያ ሳምንታት ረዝሞ ራሱን ይገጥማል። የሕፃን ጅማት እንዲህ እንደሚታዘዝ ያሰበው ፈጣሪ ይባረክ!

ይህን መንገድ ያሳየው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የሚባል በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን የተወለደ ሐኪም ነው። አባቱ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ በአባቱ ሱቅ ሠርቷል። በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ሲያክም ቆይቶ ተሰደደ፤ በመጨረሻ አሜሪካ፣ አዮዋ ገባ። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ልጆች አድገው እግራቸው ደርቆ ሲያማቸው አየና በእጅ፣ በትዕግሥት፣ በጄሶ ማቅናት ጀመረ። አብዛኞቹ የሙያ ጓዶቹ ለአሥርተ ዓመታት አልተቀበሉትም። በ2009 እ.ኤ.አ. በ95 ዓመቱ ሲሞት ግን ዘዴው በድሃ አገሮች ሁሉ ይሠራበት ነበር። የሰዓት ጠጋኝ ልጅ መሆኑን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ የልጄን እግር የያዙት እጆችም ሰዓት እንደሚጠግን ሰው ነበር የያዙት።

ጄሶው ሲያልቅ በብረት የተያያዘ ጥንድ ጫማ ሰጡን። ሦስት ወር በቀን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም ልጁ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው በመኝታ ጊዜ። ጤነኛው እግርም አብሮ ይታሰራል። ሦስቱን ወር ጨረስን። እግሩ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ጉባኤው ፊት የቆምኩትም ያኔ ነው።

ለምን እንዲህ አልኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሌሊት ማልቀሱ አድክሞኝ ነበር፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የከፋው ነው፦ ጫማው እያለ ምስክርነቴ ጎዶሎ መሰለኝ። «ተፈውሷል፤ ግን በየማታው ይታሰራል» ብሎ ማን እልል ያሰኛል? ባለቤቴ በዚያ ማታ ጫማውን ይዛ መጣች። «አንተ ሰው፣ እስቲ እንጠይቃቸው» አለችኝ። «ያመንሽ አልመሰለኝም» አልኳት። ይህን ቃል ዛሬ ብውጠው በወደድኩ።

ልጁ መራመድ ሲጀምር በእግሩ ዳር መርገጥ ጀመረ። አንድ ወር አየሁ እንጂ አላየሁም አልኩ። ደሴ ስንመለስ ባለሙያዋ እግሩን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ «አባቱ፣ ጫማው ከወለቀ ስንት ጊዜ ሆነው? እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ቆልማማ እግር ወደ ነበረበት ከሚመለስበት ምክንያት ዋነኛው ይኸው የጫማ መተው እንደ ሆነ አስረዳችኝ። አዲሱ ጄሶ ካልሠራ ቀዶ ጥገና ያስፈልግ ይሆናል ብላ አዲስ አበባ ያለውን ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልን ጠቀሰችልኝ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በክርስቶስ ስም የሕፃናትን አጥንትና መገጣጠሚያ የሚያክም ቤት ነው። እንግዲህ የእኔ እምነት «አያስፈልግም» ያለውን ሥራ፣ ሌሎች አማኞች በእምነታቸው ሆስፒታል ሠርተው ይሠሩታል።

በመመለሻችን በሚኒባሱ ውስጥ የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ አወጣሁ። በሁለተኛ ነገሥት 20 ላይ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ እንደሚፈውሰው በነቢዩ በኢሳይያስ በኩል ነገረው። ከዚያ በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ አስደረገ። ሕዝቅያስ «ቃሉ ይበቃኛል፣ በለሱን አንሡልኝ» አላለም። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በለሱን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ዙር ጄሶ ሠራ፤ ቀዶ ጥገና አላስፈለገም። መጋቢያችንን ለምኜ እንደገና መድረክ ላይ ወጣሁ። በዚህኛው እልልታ አልነበረም። ጫማውን በእጄ ይዤ የሆነውን ሁሉ፣ ጎረቤታችንንም፣ ባለቤቴን ያልኳትንም ተናገርኩ። ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት እህት ልጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ አሳየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የልጆቻቸውን እግር ያሳዩኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ደሴ ስመላለስ የተማርኩትን ግን አልደብቅም። እስከ ሁለት ዓመት ድረስ የልጅ እግር ወደ ውጭ ቢጎብጥ ብዙ ጊዜ ጤና ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመት ጉልበቱ ቢጋጠምም እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ይስተካከላል። መጉበጡ እየባሰ ከሄደ፣ የእጁ አንጓ ካበጠ፣ መራመድም ከዘገየ ግን የአጥንት መልፈስፈስ ሊሆን ይችላልና ይታይ። ያ በሽታ የፀሐይ እጦት ነው፤ ፀሐይ በሞላበት አገራችንም ተሸፋፍኖ ቤት የሚውል ሕፃን ያገኘዋል። የእኛም ልጅ እኮ አራት ወር በጋቢ ነበር! ማታ ሁለቱንም ቅልጥሙን አመመኝ ብሎ ጠዋት የሚሮጥ ልጅ ብዙ አያሳስብም። አንድ መገጣጠሚያው አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ይዞት አልቆምም ካለ ግን እስከ ነገ አትጠብቁ። መግል በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። በመንገድ ላይ ጸልዩ፤ ሚኒባስ ውስጥም ይጸለያል።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል። ጎረቤታችን ግቢ ከልጅ ልጃቸው ጋር ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። ማታ ማታ ጫማውን ከአልጋው ሥር ራሱ ያወጣል፤ የቀኙን እናቱ፣ የግራውን እኔ እናስርለታለን። ትናንት እኔ ቸኩዬ ጸሎቱን ሳልጨርስ ማሰር ስጀምር እጄን ያዘኝ። «አባ፣ መጀመሪያ አሜን» አለኝ።