ሰንሰለት የተቀበረባት ከተማ

በአሜሪካ የምናገለግላቸው ምእመናን ለ20ኛ የጋብቻ ዓመታችን የመርከብ ጉዞ ጋበዙን። ጃማይካ፣ ፋልማውዝ ወደብ ስንወርድ ግን ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን ነበር፤ ድሮ ይቅር ያልኩትን በደል አንስቼበት!

ዝም እንደተባባልን ከተማዋን ስንዞር፣ ባርነትን በተቃወመው ሚስዮናዊ በዊልያም ኒብ ስም የተሰየመው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረስን። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1838 እኩለ ሌሊት ላይ፣ ነጻነት ሲታወጅ፣ ምእመናኑ ሰንሰለትና ጅራፍ በሬሳ ሣጥን አድርገው ቀብረዋል።

ልቤ ተነካ። እነርሱ ያን ሁሉ መከራ ቀበሩ፤ እኔ ግን የቀበርኩትን ትንሽ ነገር ስቆፍር እኖራለሁ። የባለቤቴን እጅ ይዤ፣ "ይቅር በለኝ፤ ዳግመኛ አላነሣውም" አልኩት። እጄን ጭብጥ አድርጎ "አሜን" አለ።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ደግማችሁ የምትቆፍሩት ነገር ይኖር ይሆን?