ጾመኛ ነኝ ያልኩበት ማለዳ

ባለፈው ቅዳሜ የወጣቶች ኅብረታችን ሊያበቃ ሲል አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የኦሎምፒክ የጀልባ ውድድር አሳየን። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሸራ ያለው ትንሽ ጀልባ ነው፤ ርዝመቱ 4.23 ሜትር፣ ሸራው 7 ካሬ ሜትር ያህል። ነፋሱ ሲያጋድለው ነጂው ወደ ውጭ ተንጋልሎ በገዛ ክብደቱ ያቃናዋል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ልጁ ውጭ አገር የእነዚህ ጀልባዎች ባለቤቶች ክበብ እንዳላቸው፣ ተወዳድረው ሲጨርሱ አብረው ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ወሬ እንደሚያወጉ ነገረንና «ጋሼ፣ እኛስ ለምን የለንም?» አለኝ።

«ወሰን ግሮሰሪ ላይ ወደብ ይሠራልን!» አለች አንዷ። ሳቁ የመዝጊያ ጸሎቱን አዘገየው።

እውነትም ወሰን ያደገ ልጅ ከክረምት ጎርፍ የሚበልጥ ውኃ አያይም። ከበላያችን እንጦጦ ነው፤ እሱንም የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕርን የምናውቃት በዛፉ ስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን አንድ የጀልባ ክበብ አውቃለሁ። ሊቀመንበር የለው፣ መዋጮ የለው፣ ሸራም የለው። ለልጆቹ ግማሹን ነገርኳቸው። የቀረውን ግማሽ ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ እዚህ ልጻፈው።

ጥር 2011 ዓ.ም. ከኅብረታችን ልጆች ጋር ለኮንፈረንስ ባሕር ዳር ሄደን ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ያስተናገደን ወንድም ጣና ዳር ይዞን ወረደ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ማዶው አይታይም። ከልጆቻችን አንዱ «ይኼ ሁሉ ውኃ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይመጡ ነበር። ታንኳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀዛፊው ከሩቅ ሲታይ ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በጊዜ የሚነሡት ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ስለሚል ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። የረጠበ ደንገል ደግሞ ከባድ ነው። ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ስለሚውል ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ተጎትቶ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንዱ ሲደርስ ቀድሞ የደረሰው ሄዶ ጅራቱን ይይዝለታል። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰላምታው በኋላ ወሬው ይከተላል፦ እንጨት ዛሬ ስንት ገባ፣ የማን ልጅ በወባ ተኛች፣ የማን ታንኳ አረጀ፣ ዓሣው ወዴት ሸሸ፣ ነፋሱ ዛሬ እንዴት ይሆናል። እኔም አንድ ሁለት ታንኳ አብሬ ጎተትኩ። ጫማዬ በሰበሰ፤ ደስ አለኝ።

ትንሽ እልፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ይሠሩ ነበር። የታጨደው ደንገል ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በእቅፍ በእቅፍ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ሰውና ጭነት የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ሚስማር የለ፣ ዝፍት የለ። ውኃ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል፤ ታንኳው ግን አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ነውና። ዕድሜው የወራት ነው። ካረጀ ሌላ ይታሰራል።

እኔ መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላሉ የደንገል ጀልባዎች እንደሚናገር፣ የሕፃኑ ሙሴ ሣጥንም ከደንገል እንደተሠራ ለልጆቹ አስረዳሁ። ሽማግሌው ከእጃቸው ሳያነሡ «ሙሳን እኛም እናውቃለን» አሉ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» ያላትን ትልቅ የደንገል ጀልባ ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹ አጠገብ አሠራ። ደንገሉ የተወሰደው ከዚሁ ከጣና ነበር። ያቺ ጀልባ መንገድ ላይ ተበላሸች፤ ሁለተኛዋ ግን በዓመቱ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን በ57 ቀን አቋርጣ ባርባዶስ ገባች። የሄየርዳልን ስም ዓለም ያውቀዋል። ደንገሉን ጣና ዳር ያጨዱትን ሰዎች ስም ግን እኔ የትም አላነበብኩም።

ሽማግሌው ከነገደ ወይጦ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከጣና ጋር የኖሩ፣ ታንኳ የሚያስሩ፣ ወፍጮ የሚጠርቡ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ እስልምናን ይከተላሉ። አያቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው እንደ ርኩስ ቆጠሯቸው፤ አብሯቸው የሚበላም የሚጠጣም አልነበረም። የጎጃም ሰው የነበሩት አያቴ ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። «ከቤታቸው ውኃ እንኳ አይቀመስም» ይሉ ነበር። ይኼን የሰማሁት በሰባት በስምንት ዓመቴ ይሆናል። ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር።

«ቡና ደርሷል፤ ግቡ» አሉን ሽማግሌው።

ጎጆዋ ጠባብ ነበረች። ባለቤታቸው ረከቦቱን ዘርግተዋል፤ ጀበናው ይንተከተካል። የመጀመሪያውን ሲኒ ለእኔ አቀረቡልኝ። እጄ አልተዘረጋም። ነገሩ ይኼው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለኝም። ያስተማርኩትን አልረሳሁትም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን፣ የጴጥሮስንና የቆርኔሌዎስን ነገር፣ ለእነዚሁ ልጆች አራት ቅዳሜ ሙሉ አስተምሬ ነበር። በሠሌዳ ላይ ሥዕል ሁሉ ሥዬበታለሁ። እጄ ግን የአያቴን ሰማ።

«ይቅርታ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

ጾመኛ አልነበርኩም። ከአንድ ሰዓት በፊት ካረፍንበት ቤት ሁለት ዳቦ በሻይ በልቻለሁ፤ ልጆቹም አይተውኛል።

«ጾመኛ አይፈተንም» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ባለቤታቸው ሲኒውን ወደ ቀጣዩ አዞሩት። ቀጣይዋ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆናት፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ነበረች። በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። ሌሎቹም ጠጡ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጥተው፣ ቆሎ በልተው፣ ስለ ታንኳ ጠይቀው ወጡ። ሽማግሌው ደንገሉ እየራቀ እንደሄደ ነገሯቸው፤ ዳርቻው እየታረሰ፣ እምቦጭም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን እየወረረ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ጾመኛ ሆኜ ተቀምጬ ሰማሁ።

ስንመለስ የአባይን በረሃ እየወረድን ሳለ ያቺ ልጅ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ጾም ነበር እንዴ?» አለችኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ እሷ ሳታውቅ ፈትታ እንደሆነ ብላ ነው። «የግሌ ነው» አልኳት። ሁለተኛ ውሸት።

በዓመቱ፣ ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ፣ ለሌላ ጉዳይ ባሕር ዳር ሄድኩ። ጉዳዩ በአንድ ቀን አለቀ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወረድኩ። እንጨት የጫነ ታንኳ ሲደርስ ጅራቱን ይዤ ጎተትኩለት። ሽማግሌውን ስጠይቅ ደንገል ፍለጋ ርቀው እንደሄዱና ከሁለት ቀን በፊት እንደማይመለሱ ነገሩኝ። ጎጆዋ ግን እዚያው ነበረች፤ ጭስ ይወጣል።

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አዩኝ። «ግባ» አሉኝ። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ነበር፤ ተቀብለው ጥግ ላይ አስቀመጡት። ከእኔ ቡና አይደለም የቆሉት፤ ከራሳቸው ነው። ብዙ አላወራንም። ቀድተው ሲኒውን ይዘው ቆዩ እንጂ ወዲያው አላቀረቡልኝም።

«ዛሬስ ጾም ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እማማ። ያን ቀንም አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» ብለው ሲኒውን ሰጡኝ።